ለ4 ጊጋ ላፕቶፕ ግኖም አትጫኑ

ሊኑክስ ሞክሮ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ካጋጠማችሁ ለምን እንደተመለሰ ጠይቁት። አብዛኛው «ይንቀራፈፋል» ይላችኋል። ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ነፍስ ይዘራል እየተባለ የሚወደስ ሲስተም በመንቀራፈፍ ሲታማ ይገርማል። እኔ ግን ሐሜቱ የሚገባው ሊኑክስን ሳይሆን የተጫነበትን ዴስክቶፕ ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዊንዶውስ መስኮቱም ሜኑውም ከሲስተሙ ጋር አብረው የተሰፉ ናቸው። በሊኑክስ ግን ሞተሩ ሌላ፣ የምናየው ገጽታ ሌላ ነው። ቅጥቅጥ አውቶቡስን አስቡ፤ ሻንሲውና ሞተሩ የአይሱዙ፣ ቦዲው ግን እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ የተሠራ። እዚያው ሻንሲ ላይ ቀላል ቦዲም ከባድ ቦዲም ይገጠማል። ግኖም፣ ኬዲኢ፣ ሲናሞን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉት እነዚህ ቦዲዎች ናቸው።

ችግሩ፣ መምረጥ እንደሚቻል የሚነግረን የለም። ሜክሲኮ ዙሪያ፣ ኮሜርስና ተግባረ ዕድ አካባቢ የምታዩት የተማሪ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩም የሚሽከረከረው አሮጌው ዓይነት። «ሊኑክስ ጫንልኝ» የተባለ ጓደኛ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ኡቡንቱ ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ይዞ የሚመጣው ግኖምን ነው። ግኖም ገና ምንም ሳትከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ጊጋ በላይ ራም ይይዛል። በላዩ ላይ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ... አለቀ! በሳምንቱ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይመለሳል፤ አክቲቬተሩ ምን ይዞ እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ዛሬ ቀልድ አይደለም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በስተቀር በይፋ አይቀበልም። «አዲስ ግዛ» እንዳይባል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ያለችንን አሮጌ ላፕቶፕ ማቆየት የብዙዎቻችን ብቸኛ መንገድ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ግኖምን በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሚጌል ዴ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ሜክሲኳውያን ናቸው። የኛ ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ያቺ አገር የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም በማለቷ ነው፤ እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ቢሆንም ለወዳጅ አገር ሰው ተብሎ ራም አይጨመርም!)

የኔ ምርጫ ኤክስኤፍሲኢ ነው። አያምርም፤ ልክ ነው። የ2000ዎቹን ዊንዶውስ ያስታውሳል። ግን ሜኑ ጥግ ላይ፣ ባሩ በቦታው፣ ራሙም ለሥራችሁ ይተርፋል። ከአዲስ ለሚጀምር ሊኑክስ ሚንት ባለ ኤክስኤፍሲኢ ወይም ዙቡንቱ ይሻለዋል። ኡቡንቱ የጫነ ደግሞ ፎርማት ማድረግ አያስፈልገውም። ተርሚናል ከፍቶ ኤክስኤፍሲኢን በአንድ መስመር ትእዛዝ መጫን፣ ከዚያ ሎግ አውት ማድረግ፣ ፓስወርድ ከማስገባቱ በፊት ጥጉ ላይ ያለችውን የጥርስ ምልክት ነክቶ አዲሱን መምረጥ ነው። ፋይሎቹ አይነኩም። ሁለት ዴስክቶፕ አንድ ላይ ሲኖር ሜኑው ትንሽ ይዝረከረካል፤ እሱን ቻሉት። ራሟ 2 ጊጋ የሆነች ላፕቶፕ ያለው ኤልኤክስኪውቲን ይሞክር። 8 ጊጋና ኤስኤስዲ ያለው የፈለገውን ይጫን፣ ግኖምም ቢሆን። እሱን አልመክርም፤ እቀናለሁ እንጂ።

ከመጫናችሁ በፊት ግን ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት። ፍጥነቱን አትፍረዱበት፤ ፍላሹ ራሱ ቀርፋፋ ነው። ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መውጣቱን፣ የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ዝቅ ማለቱን እዩ።

አማርኛስ? ማንበቡ አያስቸግርም። ለመጻፍ አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉትን መጫን፣ ከዝርዝሩ «ሴራ» የሚለውን የአማርኛ ስልት መምረጥ ነው። በድምፁ በላቲን ስትተይቡ ፊደሉ ይወጣል። ግኖም ላይ ይህ ከሴቲንግ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ኤክስኤፍሲኢ ላይ ግን ራሳችሁ ትጭኑታላችሁ፣ ይህን አልደብቅም። በድሮ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ፋይል ካላችሁ ፎንቱን ካላመጣችሁለት ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው የምታዩት። ኮፒ ቤት የምትወስዱትን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ በሊብሬ ኦፊስ የተስተካከለ ገጽ በወርድ ሲከፈት ሊንሸራተት ይችላል።

አካውንቲንግ ለምትማሩ ልጆች ግን አላግባባችሁም። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ኮርሱ እሱን ከጠየቀ ዊንዶውሱን አታጥፉ። ዲስኩን ከፍላችሁ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል፤ መክፈያው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ግን መመረቂያ ጽሑፋችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡት።