የጥንቸል ግልገል ሆዷን ሲያማት

ጥንቸል እንደ ውሻ አትጮኽም፤ እንደ ድመትም እየተከተለች አታስቸግርም። ሲያማት ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። ይህም ዝምታዋ ብዙውን ሰው ያሳስተዋል። «ደክሟት ይሆናል፤ ትተኛ» ብሎ ይተዋታል። በማግሥቱ ጠዋት ሣጥኑን ሲከፍት ግን ግልገሊቱን ደርቃ ያገኛታል፤ የቤቱም ልጆች ዕንባ በዕንባ ይሆናሉ። ለታመመች ጥንቸል አንድ ሌሊት ረጅም ጊዜ ነው፤ ለግልገሊቱማ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ለልጆችዎ የጥንቸል ግልገል የገዙ ወይም ለመግዛት ያሰቡ አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ዓምዳችን ለእርስዎ ነው።

አስቀድሞ የጥንቸልን ሆድ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥንቸል ሣር በል ብትሆንም እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትም። ሣሩ የሚብላላው ከቀጭኑ አንጀት ቀጥሎ በሚገኘው፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። በዚያም በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ሰፍረው ሣሩን ያብላሉላታል። ከዚያ ተብላልቶ የሚወጣውን ለስላሳና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነገር ጥንቸሊቱ ጎንበስ ብላ ከሥሯ በአፏ ተቀብላ መልሳ ትውጠዋለች። ሞሮ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ይህን ነገር በ1882 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ያየ ሰው ቢጸየፍ አይፈረድበትም፤ ለእርስዋ ግን መድኃኒትም ምግብም ነውና አይከልክሏት። ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋራ መቁጠሩም፣ አንድን ምግብ ሁለት ጊዜ የምትበላ መሆንዋን ላሰበ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እንግዲህ ይህ ሆድ እንደ ውሃ ወፍጮ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ከላይ የሚገባ ሣር ካልኖረ ይቆማል፤ በቆመም ጊዜ በውስጡ የቀረው ይደርቃል፣ አየርም ይሞላዋል። በዚህ ላይ ጥንቸል ማስመለስ የማትችል እንስሳ ናት፤ የዋጠችውን ክፉ ነገር የምታወጣበት ሌላ በር የላትም።

ግልገሊቱ ከትልቂቱ ይልቅ የምትጎዳው ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ነገሩ ከእናቷ ወተት ይጀምራል። የጥንቸል እናት ልጆችዋን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ ያህል፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያ ጥቂት ወተት ግን የግልገሎቹን ሆድ ከክፉ ተሕዋስያን ይጠብቃል። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወተቱ እየቀረ ሲሄድ ጥበቃው አብሮ ይቀራል፤ የራስዋ የጨጓራ አሲድ ደግሞ ገና አልጠነከረም። በዚህ መካከል ነው እንግዲህ ሻጩ በቅርጫት አድርጎ ወደ ገበያ የሚያወጣት፤ ትንሽ ስትሆን ታምራለችና ገዢ አታጣም። 8 ሳምንት ያልሞላትን ባይገዙ ይሻላል። ከገዙም፣ ስትበላ የቆየችው ምን እንደ ሆነ ሻጩን ሳይጠይቁ አይለፉ፤ ያንኑ ምግብ ለአንድ ሳምንት ያህል እየሰጡ አዲሱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቅሉበት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው አደጋ የቤተ ሰብ ፍቅር ነው። አንዱ ልጅ ብስኩት፣ ሌላው ሙዝ፣ ሠራተኛዋ ቍራሽ ዳቦ፣ አያትየው ደግሞ አንድ እፍኝ በቆሎ ይሰጧታል፤ እርስዋም ሁሉንም ትበላለች። ስኳርና ዱቄት ግን በዕውር አንጀቷ ውስጥ ክፉዎቹን ተሕዋስያን አብዝቶ ደጎቹን ያጠፋል። ፉርሽካም ቢሆን ሲበዛ እንደዚያው ነው። ካሮትን የጥንቸል ዋና ምግብ ያደረጉት የልጆች መጻሕፍት ሥዕሎች ናቸው እንጂ ተፈጥሮዋ አይደለም፤ ጣፋጭ ስለ ሆነ ከቍራጭ አይለፍ። ዋናው ምግቧ ቀንም ሌሊትም ከፊትዋ የማይታጣ ንጹሕ ደረቅ ሣር ነው። ታጭዶ ተከምሮ የሞቀ እርጥብ ሣር ግን መርዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው የግልገሎች ጠላት ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተባይ ነው። ዘሩ ከበጠጥ ጋራ ይወጣል፤ ነገር ግን ሌላዪቱን ጥንቸል ለማሳመም ውጭ አንድ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ሣጥኑን በየቀኑ የሚጠርግ ሰው ተባዩን ገና ሳይበስል ጠርጎ ይጥለዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጠርገው ግን በከንቱ ይደክማል።

ሕመሙን የሚናገረው በጠጡ ነው። የጤነኛዋ ክብ፣ ደረቅና ሲፈረክስ የሣር ቍርጥራጭ የሚታይበት ነው። ቍጥሩ ቢያንስ፣ መጠኑም እንደ በርበሬ ፍሬ ቢያንስ፣ ሆዷ እየቆመ ነው። ክቡ በጠጥ እየወጣ ለስላሳው ብቻ ከኋላዋ ጠጕር ጋራ ቢጣበቅ፣ ጣፋጩን ቀንሰው ሣሩን ያብዙላት። እንደ ውሃ የሚፈስ ተቅማጥ ከሆነ ግን፣ ግልገልን በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላልና ለነገ የሚባል ነገር የለም። ጎብጣ ብትቀመጥ፣ ጥርሷን ብታፋጭ፣ ጆሮዋ ቢቀዘቅዝ፣ ወይም ለግማሽ ቀን ያህል ምንም ሳትበላ ብትውል እንዲሁ ነው። ሆዷን በቀስታ ይዳስሱት፤ እንደ ሊጥ ልል መሆን ሲገባው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቢያገኙት በአፏ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ይሮጡ።

ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ከሣርና ከውሃ በቀር ሌላውን ምግብ ሁሉ ያንሡ። ግልገል ስትታመም ትቀዘቅዛለችና፣ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ከጎንዋ ያኑሩላት፤ ሲሞቃት የምትሸሽበትም ቦታ ይተውላት። ውሃ መጠጣት ካቃታት ግን መዋጥ የምትችል ከሆነ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ከአፏ ጎን ጠብታ በጠብታ ይስጧት፤ በጀርባዋ አያስተኟት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባልና። ዝንብ እንዳይጥልባት ኋላዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ። ከእኅቶችዋም ይለዩዋት።

አሁን አጥብቀን የምንለምንዎ ነገር አለ። ልጆቹ ሲያማቸው የተረፈውን አሞክሲሲሊን ከመሳቢያ አውጥተው እንዳይሰጧት። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ፔኒሲሊንም ቢሆን በአፍ ሲሰጥ፣ በዕውር አንጀቷ ያሉትን ደጋግ ተሕዋስያን ፈጅቶ መርዝ ለሚያመነጩት ቦታውን ይለቅላቸዋል። ለሰው ፈውስ የሆነው ለእርስዋ ሞት ነው። ለጥንቸል የሚስማማ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እርሱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። የሐኪሙም የዘወትር ሥራው ከብትና በግ እንደ ሆነ፣ «ይህ መድኃኒት ለጥንቸል ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሲሄዱም የዚያኑ ቀን በጠጥ በንጹሕ ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ፤ ኮክሲዲያ እንዳለባት በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ለልጅዎም እውነቱን ይንገሩት። ሁሉ ተደርጎላት ልትሞት ትችላለች፤ ትናንት የሰጣት ብስኩት ነው የገደላት እያለ እንዳይጨነቅ ግን አባትና እናት ያረጋጉት። ከዳነችም ሥራ ይስጡት፦ በየጠዋቱ በጠጡን አይቶ ይንገርዎ፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። አረንጓዴ ቅጠል የምትቀምሰው በጠጥዋ ለጥቂት ቀናት ክብና ደረቅ ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውም ቀን ከአንድ ቅጠል አይበልጥ።