በወረርሽኝ ዘመን የባሕር ውስጥ ሽርሽር

አንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጃችን ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አቀረበልን። ጥያቄውም፤ «በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 የተባለው ወረርሽኝ ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ ዘግቶ ባስቀመጠበት ጊዜ፣ አንዳንድ ሰዎች በአይሮፕላን ተሳፍረው ወደ ሩቅ ደሴት እየሄዱ፣ ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ዓሣ ሲመለከቱ ከረሙ ይባላል። ይህ ነገር ነውር ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። አጠገቡ የነበረ አንድ ተማሪ ቀበል አድርጎ፣ «ገንዘቡ ካላቸው ማን ይከለክላቸዋል? ደግሞስ ባሕር ውስጥ ማን ያስነጥሳል?» አለ። ሁለቱም የተናገሩት ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ሁለቱም ያላሰቡት ብዙ ነገር ስላለ፣ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ነገሩን በአንድ አገር ምሳሌነት ብንመረምረው ይሻላል። አገሩም ማልዲቭስ ነው። ማልዲቭስ ከህንድና ከስሪ ላንካ በስተ ደቡብ ምዕራብ በህንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 1,200 ያህል ትንንሽ ደሴቶች ያሉት አገር ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ ሕዝብ የሰፈረባቸው 200 አይሞሉም። ተራራ የሚባል ነገር የለውም፤ አብዛኛው መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታላቁ የሞሮኮ ተጓዥ ኢብን ባቱታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1343 ወደዚያ ደርሶ፣ በደሴቶቹ ላይ ዳኛ ሆኖ እንደ ሠራ ጽፏል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚተዳደረው ዓሣ በማጥመድ ነበር።

የአገሩ ኑሮ የተለወጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የመጀመሪያው የእንግዳ ማረፊያ ከተከፈተ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የመጡት እንግዶች አንድ ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2019 ግን ቁጥራቸው 1.7 ሚሊዮን ደረሰ። የነዋሪው ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ከሦስት የሚበልጡ እንግዶች መጡ ማለት ነው። አሠራራቸውም እንዲህ ነው፤ ሰው በማይኖርበት በአንዲት ደሴት ላይ አንድ ሆቴል ብቻ ይሠራል፤ እንግዳውም ከአይሮፕላን እንደ ወረደ በጀልባ ወይም በውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አይሮፕላን ወደ ደሴቱ ይወሰዳል። ደሴቱን የከበበው ባሕር ንጹሕ፣ ሙቅና ዓሣ የሞላበት ስለሆነ፣ ለመጥለቅ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። በዚያ አገር መጥለቅ የቀልድ ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ከፈለግን፣ ጥቅምት 7 ቀን 2002 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በዚያ ቀን ፕሬዚዳንት መሐመድ ናሺድና ሚኒስትሮቻቸው የመጥለቂያ ልብስ ለብሰው ከባሕር በታች ስብሰባ ተቀመጡ፤ የዓለም ሙቀት እየጨመረ ባሕሩ ከፍ ካለ አገራችን ይሰጥማል የሚለውን አቤቱታም እዚያው ውሃ ውስጥ ፈረሙ።

ወረርሽኙ በማልዲቭስ የታወቀው የካቲት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ ከተገለጠበት ከመጋቢት 4 ቀን ስድስት ቀን ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በሽታው የተገኘውም እንግዳ ተቀብለው ባስተናገዱ ሁለት የሆቴል ሠራተኞች ላይ ነበር። መጋቢት 18 ቀን አገሩ ለጎብኚዎች የሚሰጠውን የመግቢያ ፈቃድ አቆመ፤ በሚያዝያም ዋና ከተማው ማሌ ተዘጋ። ማሌ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ደሴት ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተፋፍጎ የሚኖርበት ከተማ ነው። «ርቀታችሁን ጠብቁ» የሚለው ትእዛዝ በእንዲህ ያለ ከተማ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በአንድ ክፍል አምስት ሆኖ የኖረ ተማሪ ሳይነገረው ያውቀዋል።

በዚያው ሰሞን በዓለም ጋዜጦች የተወራ አንድ ታሪክ አለ። ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ሁለት ሙሽሮች ለስድስት ቀን ጫጉላ ብለው ወደ አንዲት ደሴት ገቡ። ቀናቸው ሳያልቅ አገራቸው የአይሮፕላን ጣቢያዎቿን ዘጋች። ሌሎቹ እንግዶች ሁሉ ሄደው እነርሱ ብቻ ቀሩ። የሆቴሉ አሳላፊዎችና ወጥ ቤቶች በሙሉ ለሁለት ሰዎች ብቻ ያስተናግዱ ጀመር። ነገሩ ሲሰሙት ያስቀናል፤ ነገር ግን ሒሳቡ በየቀኑ ይቆጠር ነበር፤ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙት ገንዘብም እያለቀ ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የወዳጃችንን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። ማልዲቭስ ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. በሩን ለዓለም ሁሉ ከፈተ። ብዙ አገሮች ገና ተዘግተው ሳሉ፣ ምርመራም ሆነ ተገልሎ መቆየት ሳይጠይቅ እንግዳ መቀበል ጀመረ። መንግሥቱ ይህን ያደረገው በሽታውን ስለ ናቀ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የአገሩ ጠቅላላ ገቢ አንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። የሆቴል ሠራተኞች ደመወዛቸው ተቆርጧል፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የተሰጣቸውም ብዙ ናቸው። ከባንግላዴሽ የመጡ የቀን ሠራተኞች ደግሞ ተፋፍገው በሚያድሩባቸው ቤቶች በሽታው በርትቶባቸው፣ ሺህ የሚቆጠሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአገራችንም በላሊበላና በጎንደር እንግዳ እየመሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች በዚያ ዓመት ምን እንደ ደረሰባቸው የምናውቅ፣ ይህን ጭንቀት በቀላሉ እንረዳዋለን።

የሆነ ሆኖ በሩን ያለ ምርመራ መክፈቱ ዋጋ አስከፈለ። በእንግዶችም በሠራተኞችም ላይ በሽታው በየደሴቱ መገኘት ጀመረ። ስለዚህ ከጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማለትም ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጀምሮ፣ ማናቸውም ጎብኚ ከመነሣቱ በፊት ተመርምሮ ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያቀርብ ታዘዘ። በዚያ በአውሮፓውያን ዓመት የመጡት እንግዶች 555 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ በሚከተለው ዓመት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

አሁን ወደ ተማሪው ንግግር እንመለስ። «ባሕር ውስጥ ማን ያስነጥሳል?» ላለው መልስ ለመስጠት፣ ጠላቂው የሚተነፍሰው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬው የመጥለቂያ መሣሪያ የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 በሁለት ፈረንሳውያን፣ በባሕር ኃይል መኮንኑ በዣክ ኢቭ ኩስቶና በመሐንዲሱ በኤሚል ጋኛን ነው። ብዙ ሰው ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው ኦክሲጂን ይመስለዋል፤ ነገር ግን እኛ የምንተነፍሰው ይኸው ተራ አየር ነው። 12 ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ አየሩ 200 እጥፍ ታምቆ ሲገባ 2,400 ሊትር ይሆናል። ጠላቂው በጥርሱ የሚነክሰው የጎማ መተንፈሻ አየሩን እንደ ውሃው ክብደት መጥኖ ያቀብለዋል።

የውሃው ክብደት በየ10 ሜትሩ በአንድ አየር ልክ ይጨምራል። ስለዚህ በ10 ሜትር ጥልቀት ክብደቱ ሁለት እጥፍ፣ በ30 ሜትር ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ30 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂም አየሩን ከላይ ካለው ሰው በአራት እጥፍ ፍጥነት ይጨርሰዋል። በማልዲቭስ ሕግ ለሽርሽር የሚጠልቅ ሰው ከ30 ሜትር በታች እንዲወርድ አይፈቀድለትም። የጠላቂ ዋና ትእዛዝ «እስትንፋስህን አትያዝ» የሚል ነው፤ ምክንያቱም በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን በአየር ሞልቶ፣ እስትንፋሱን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፣ በሳንባው ያለው አየር ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚነፋ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። በፍጥነት መውጣትም ሌላ ጉዳት አለው። በደም ውስጥ የገባው ናይትሮጂን፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚወጣው አረፋ፣ በሰውነት ውስጥ ይፈላል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሆልዴን በፍየሎች ላይ መርምሮ፣ ጠላቂ ቀስ እያለና እየቆመ የሚወጣበትን ሠንጠረዥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 አውጥቷል። የጠለቀ ሰው አይሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲያርፍ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ኮቪድ 19 ሳንባን የሚያጠቃ በሽታ መሆኑ ለጠላቂ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በሽታው በሳንባ ላይ ጠባሳ ከተወ፣ አየር በጠባሳው ሥር ታግቶ ሊቀርና በመውጫ ጊዜ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የመጥለቅ ሐኪሞች፣ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንደ ሕመሙ ክብደት ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲቆይ፣ ጠንቶበት የነበረውም ሳንባውንና ልቡን ሳይመረመር እንዳይጠልቅ መከሩ። ደግሞም ተላላፊው ነገር ከውሃው በላይ ነበር፤ በጀልባው ጥበት፣ በልብስ መቀየሪያው፣ እንግዳ ሁሉ ተራ በተራ በሚነክሰው የኪራይ መተንፈሻ። ጠላቂዎች መነጽራቸው ጉም እንዳይዝባቸው ምራቅ የመቀባት ልማድ አላቸው፤ ይህም እንዲቀር ተመከረ። መተንፈሻው በመድኃኒት ውሃ ይታጠብ፣ በጀልባው የሚሳፈረው ሰው ቁጥር ይቀነስ፣ እስከ መጥለቂያው ደቂቃ ድረስ አፍና አፍንጫ ይሸፈን ተባለ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የጓደኛው ነገር ነው። ጠላቂ ብቻውን አይወርድም፤ ጥንድ ጓደኛ ይሰጠዋል። ባሕር ውስጥ ንግግር ስለሌለ በእጅ ምልክት ይግባባሉ። በየብስ «ጎበዝ» ለማለት የምናነሣው አውራ ጣት እዚያ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። እጅን በጉሮሮ ላይ እንደ ካራ መሳብ ግን «አየር አለቀብኝ» ማለት ነው። ይህን ምልክት ያየ ጓደኛ ትርፍ መተንፈሻውን ሰጥቶ፣ ሁለቱ ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሱ አብረው ይወጣሉ። በወረርሽኙ ዘመን በየብስ ላይ ሁለት ሜትር እንሽሸው የተባለ ሰው፣ ባሕር ውስጥ አየር ካለቀብን ወደ እርሱ ብቻ የምንዋኝበት ሰው ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ የሚል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠላቂ ከመውረዱ በፊት ያለበትን ሕመም ደብቆ ቢገባ፣ አደጋው የእርሱ ብቻ አይሆንምና።

ነውር ነው ወይስ አይደለም ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ መልሳችን ከዚሁ ይመነጫል። ተመርምሮና ሕጉን ጠብቆ ሄዶ፣ ገንዘቡን ሥራ በፈታ አገር ያፈሰሰ ሰው ነውረኛ ሊባል አይገባም፤ ለብዙ አሳላፊ፣ ጀልባ ነጂና የመጥለቅ አስተማሪ የወር ደመወዝ አስገኝቷልና። ነገር ግን በሽታ ቢኖርበት ዕዳውን የሚከፍሉት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ነበረበት። እንግዳው ሳምንቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ ሠራተኛው እዚያው ይቀራል። ከማሌ ወደ ደሴቱ የሚመለስ ሠራተኛ ተገልሎ እንዲቆይና እንዲመረመር ይደረግ ስለነበር፣ ቤተሰቡን ሳያይ ብዙ ወር ያሳለፈ አለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማልዲቭስ በሕዝቡ ብዛት ልክ ሲቆጠር አዲስ በሽተኛ እጅግ ከበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዱ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጥልቀቱ ተመጻድቆ ከልክ በታች የሚወርድና የሚጎዳ ጠላቂ፣ ለሌላ በሽተኛ የሚያስፈልገውን አልጋና ኦክሲጂን ይሻማል። ለሽርሽር ሲባል ይህን ማድረግ ግን ያለ ጥርጥር ነውር ነው።

የኛ የመንግሥት ሠራተኛና ተማሪ ወደ ማልዲቭስ ለመሄድ ቸኩሎ ሻንጣ ያዘጋጃል ብለን አንሰጋም፤ የወር ደመወዛችን ለዚያ ዓሣ ማያ አይደለም ለዓሣ መብያም በጭንቅ ነው። ነገር ግን ዓመት ፈቃድ ወስዶ ወደ ባቱ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ትውልድ መንደሩ የሚሄድ ሁሉ የሰው እንግዳ ነው። ጉንፋን ይዞት አዛውንት ወዳሉበት ቤት የሚገባ፣ ሕመሙን ደብቆ በተጨናነቀ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው፣ ያን ሀብታም ጠላቂ ለመውቀስ አፍ የለውም። የጨዋ መንገደኛ ደንብ በሁሉም ስፍራ አንድ ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ራሱን ይመረምራል፣ ከደረሰም በኋላ ያስተናገደውን ሰው ጤና እንደ ራሱ ጤና ይጠብቃል።