አርብ ሳህኑ ይበዛል

አቀስታ መነኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አለኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የደሴው መኪና ሳይነሣ፣ ውርጭ ያቆራመዳቸው ልጆች ጋቢ ተከናንበው ይገባሉ። ማንኛዋ ገበያ፣ ማንኛዋ ዓረብ አገር እንደምትሄድ አይቼ አውቃለሁ። ዓረብ አገር የምትሄደው ፌስታሏን ከጉያዋ አታወጣም፤ ፓስፖርቷ እዚያ ውስጥ ነው።

በቀደም አንዷ፣ «እትዬ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለሽ ብለውኛል፤ እውነት ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ» ከማለት በቀር መልስ አጣሁ። የእኔም ውል ላይ ዕረፍት ነበረ። ዓረብ አገር ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ስሠራ ግን አርብን ከሐሙስ የምለየው በእንግዳው ብዛት ነበር፤ አርብ ሳህኑ ይበዛል።

ከተመለስሁ በኋላ አንድ መምህር ደንበኛዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን አመጣልኝ። የቤት ሠራተኛን ብፈልግ «የግል አገልግሎት» ተብላ አዋጁ ከማይመለከታቸው ጋር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጉዳይዋ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተትቷል። ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል። በሰው ማድ ቤት ብቻዋን የምትውል ሴት ዘጠኙን ከየት ታምጣ?

መምህሩ ስለ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም አጫወተኝ። የድርጅቱ 144ኛው ስምምነት፣ መንግሥት ስለ ዓለም አቀፍ የሥራ ደረጃዎች ከአሠሪና ከሠራተኛ ወኪሎች ጋር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመክር ያስገድዳል። ያልጸደቁ ስምምነቶችን መልሶ ማየትም ከሚመከርባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2003 ዓ.ም. አጸደቀች። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ 189ኛው፣ የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ጄኔቭ ላይ ወጣ። በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት፣ ፓስፖርትን በራስ እጅ መያዝ፣ ያቺ ልጅ የጠየቀችኝም ያልጠየቀችኝም እዚያ ውስጥ አለ። ይኸኛው ግን አገራችን ሳታጸድቀው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው።

«ከሳዑዲ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከኳታር ጋር ተዋውለናል» ይባላል። ደግ ነው። ግን «እናንተስ ደሴና አዲስ አበባ ያለችውን የቤት ሠራተኛ በየትኛው ሕግ ታሳርፋላችሁ?» ቢሉን ምን ልንል ነው?

እኛ ወሎዎች አበጋር፣ አስታራቂው ሽማግሌ፣ ሲቀመጥ በዳይም ተበዳይም ይቀርባል። ተበዳይ አፏን ሳትከፍት ዱዓ አድርጎ የሚነሣ አበጋር አላየሁም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ (ኢሠማኮ)ና አሠሪዎችም የሚመክሩት ስለ እኛ ከሆነ፣ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት ደሴ ድረስ መጥተው ተመላሾችን ይስሙ። 189ኛውን አጀንዳ ያድርጉት። አናጸድቅም ካሉም ምክንያቱን ይንገሩን።

የሰው ብቻ አላወራም። እኔም ቤት ልጆቼን የምትይዝ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ስንት ወር ስታገለግለኝ ዕረፍቷ መቼ እንደሆነ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም ትዝ አላለኝም። ያቺ መንገደኛ ሻይዋን ጨርሳ ከሄደች ወዲህ ግን አርብ ሳህኑን የማጥበው እኔ ነኝ።