ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ

ከካዛንቺስ ቁልቁል ስንወርድ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይቀበለናል። በዚህ ሠፈር ስለ ውሃ ያልተባለ ነገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውሃ ሰብአዊ መብት ነው ያለው ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለሁሉም እንዲዳረስም ታቅዷል። ተሰብሳቢው ይህንኑ የሚደጋግመው የታሸገ ውሃ ፊቱ ተደርድሮለት ነው።

ታዲያ የገጠሩ ተማሪ ምን ይጠጣል? ስንቶቻችን ነን የወንዝ ውሃ ጠጥተን ተምረን እዚህ የደረስን! ሆድ ቁርጠቱን፣ ከክፍል ቀርተው ጀሪካን ያዘሉ እኅቶቻችንን እናውቃለን።

«ጉድጓድ ተቆፍሯል እኮ!» ይሉናል። አዎ፣ ሪባንም ተቆርጧል። ግን የእጅ ፓምፕ ጎማው ያልቃል፣ ዘንጉ ይሰበራል። መለዋወጫና ጠጋኝ ከሌለ እጀታው የልጆች መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። የሚፈሰውም ካልተመረመረ ንጹሕ አይባልም፤ በስምጥ ሸለቆ ጥርት ብሎ የሚታየው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ የሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል።

ስለዚህ እንላለን፦ የተቆፈረው ሳይሆን ዛሬ የሚፈሰው ይቆጠር! ለየትምህርት ቤቱ የጥገና በጀትና የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ጠጋኝ ይኑር!

እኛም ከነቀፌታው አንድንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ገጠር ይልክ ነበር፤ እኛ ግን መመረቂያ ጽሑፋችንን ጠርዘን መደርደሪያ ላይ እናሳድራለን። የምህንድስናው ተማሪ ፓምፕ መፍታት፣ የኬሚስትሪው ውሃ መመርመር ካልቻለ ትምህርታችን ለማን ነው?

አለዚያማ የኛም ጩኸት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው!