ልጅ ያቦካው ለራትም ይበቃል



ሁላችንም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኔም ስንት ጊዜ ብየዋለሁ። ዛሬ ግን ተረቱን ልሞግተው ተነስቻለሁ። ለዚህ ያበቃኝ ሳሎናችን ውስጥ ያለው ስፒከር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለሳሎናችን ስፒከር ለመግዛት ስናስብ፣ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ «ለምን ራሳችን አንሠራውም?» አለችኝ። ተገጣጣሚ ስፒከር እንዳለ አንብባ ነበር። ዉፈሩ፣ ትዊተሩ፣ ድምፁን ወፍራምና ቀጭን አድርጎ የሚከፍለው ሰርኪዩትና ንድፉ በካርቶን ይመጣል፤ ሳጥኑን ገዢው ይሠራል። ሐሳቡ ደስ አለኝ። የተሳሳትኩት ምርጫው ላይ ነው።

ፊዚክስ ያስተማርኩ ነኝና አውቃለሁ ብዬ ትልቁን መረጥኩ። የሳሎናችን ርዝመት ግን 4 ሜትር ብቻ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ አስልቻለሁ፤ ለቤቴ ግን አላሰላሁም። ቤዙ እያስገመገመ የዜና አንባቢውን ንግግር ዋጠው።

የባሰው ሌላው ነው። ንድፉ ለልጅ እጅ ከባድ ስለነበር ሳጥኑን ንጎንግ መንገድ ዳር ላሉት አናጺዎች ሰጠሁ። ብየዳውን፣ እንዳይበላሽብኝ ብዬ፣ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ራሴ ጨረስኩት። እንግዶች መጥተው ሲያደንቁ «ልጄ ናት የሠራችው» አልኩ። ልጄ አቀረቀረች። እንግዶቹ ሲሄዱ «እማዬ፣ እኔ እኮ ባትሪ ብቻ ነው ያበራሁልሽ» አለችኝ።

ያን ቃል በየዓመቱ በሳይንስ ዐውደ ርዕያችን ላይ አስታውሰዋለሁ። የሚያምር ሥራ ይቀርባል፤ «ይህ ሽቦ ለምን እዚህ ገባ?» ሲባል ተማሪው ወደ አባቱ ያያል። ውጤት የምንሰጠው ለማን ነው? እኛ መምህራንም ያማረውን እየሸለምን ወላጆችን ወደዚህ ገፍተናል። ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ተማሪው በመምህሩ ፊት ፈቶ መልሶ መግጠም የሚችለው ሥራ ብቻ ለሽልማት ይቅረብ እላለሁ።

ስፒከር ለመሥራት ለምታስቡ ቤተሰቦች ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍል። መጀመሪያ ሳሎኑን ለኩ። ለአነስተኛ ሳሎን በእያንዳንዱ ሳጥን ከ13 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ዉፈርና አንድ ትዊተር ይበቃል። ቁመቱ አያስፈራችሁ፤ አጭሩም ማስቀመጫ እግር ስለሚፈልግ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ከግድግዳ የሚጠጋ ከሆነ የተደፈነ ሳጥን ወይም የአየር ቀዳዳው በፊት በኩል የሆነ ምረጡ። ትልቅ ዋት አያታልላችሁ፤ ሴንሲቲቪቲው በ3 ዴሲቤል የበለጠ ስፒከር ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኃይል ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ግን ንድፉን ከልጃችሁ ጋር አንብቡ። ልጁ ራሱ ሊሠራው የማይችለው ከበዛ፣ ሌላ ምረጡ።

እንጨቱን መጋዝ የአዋቂ ሥራ ነው፤ የኤም ዲ ኤፍ ብናኝም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ጭምብል ያስፈልጋል። መለካቱን፣ ኮላ መቀባቱን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን፣ ብሎን ማሰሩን ለልጁ ተዉለት። ብየዳውንም አጠገቡ ሆናችሁ ይሞክር። የአንዱን ስፒከር ሽቦ ገልብጦ ቢያስር አትቆጡ። አንዱ ዉፈር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቤዙ ይሳሳል። ልጁ «ምን ሆነ?» ብሎ ራሱ ይፈልገው። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማላስረዳውን በዚያች ቅጽበት ይማራል።

«የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ እያለብን ልጅ እንዲያበላሸው ገንዘብ እናውጣ?» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህም ነው ትንሹን ምረጡ የምለው፤ ሰሌዳ ቢበላሽ ሌላ ይቆረጣል። መግዛት ካልተቻለም የቆመ አሮጌ ሬዲዮ ከፍቶ ማየት በቂ ጅምር ነው። ዋናው ካቻቢቴው በማን እጅ እንዳለ ነው።

ትልቁን ስፒከር ሰፊ ቤት ላለው ዘመዳችን ሰጠነው። አምና ልጄ ካጠራቀመችው ገንዘብ ጨምራ አነስተኛውን ራሷ ሠራች። የአንዱ ሳጥን ማዕዘን 2 ሚሊ ሜትር ያህል አልገጠመም። አያቷ ግን አሁን ዜናውን «ምን አለ?» ሳይሉ ይሰማሉ። እንግዳ መጥቶ «ማን ሠራው?» ሲል እኔ ዝም እላለሁ። የምትመልሰው እሷ ናት፤ ያልገጠመውንም ማዕዘን የምታሳየው እሷው ናት።