ጆሯችሁ ሥር መንገጭላችሁን ለሚያማችሁ

ከጆሮ ፊት፣ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ በጣት የሚዳሰሰው የመንገጭላ መገጣጠሚያም እንደ ጉልበት በአርትራይተስ ይጎዳል። አጥንቶቹን የሚሸፍነው ልስልስ አካል ሲሳሳ ማኘክ ያማል፤ አፍም እንደልብ አይከፈትም፤ አሸዋ የተረገጠ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን ሕክምና አይሻም።

ከበሽታው ይልቅ የሚያሳስበው የታማሚው ጥድፊያ ነው። ሕመሙ ወደ ጥርስ ስለሚሰራጭ ጤነኛ መንጋጋ ሊነቀል ይችላል፤ ራጅ ሳትነሱ ጥርስ አታስነቅሉ። ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁም መንገጭላችሁን አታስጎትቱ።

የማይመለስ ሕክምና ምን እንደሚያስከትል አሜሪካ አይታለች። ቪቴክ የተባለ የሂዩስተን ኩባንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዚሁ መገጣጠሚያ ቴፍሎን ያለበት ተተኪ ሸጠ። ተተኪው በማኘክ ጫና ተፈረፈረ፤ ሰውነት ፍርፋሪውን ሲዋጋ የታማሚዎቹ አጥንት አብሮ ተበላ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙዎች ግን ቀድሞ ተተክሎላቸው ነበር። የዛሬዎቹ ተተኪዎች የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ተራቸው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እንቢ ሲል ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ቀላል ነው፦ ለስላሳ ምግብ፣ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ፣ በባለሙያ የሚመራ የአፍ እንቅስቃሴ። በሥራ ላይ ሳላችሁ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ። ቆሎ ተዉ ማለት ለኛ ሰው ከባድ ትእዛዝ መሆኑ ይታወቃል፤ ቢያንስ ሕመሙ እስኪበርድ ይቆይ። ለሰዓታት የሚታኘክ ጫትም እንዲሁ። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል።

ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ። በጾም ሰዓት በባዶ ሆድ አትውሰዷቸው፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አይንካቸው። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ሲደጋገም ራሱን መገጣጠሚያውን ሊጎዳ ይችላልና፣ ስላስታገሰ ብቻ ይደገምልኝ አትበሉ።

አንዳንዱ የመንገጭላ ሕመም ግን ቀን አይሰጥም። ዕድሜያችሁ ከ50 በላይ ሆኖ ስታኝኩ መንገጭላችሁ የሚዝል ከሆነ፣ አዲስ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ዓይን የሚያጠፋ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከደረት መጨነቅ ጋር ከመጣ ልብ ይጠረጠራል፤ ትኩሳትና የአፍ መቆለፍ ካለበትም የከፋ ኢንፌክሽን። እነዚህን ካያችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።