«ከአደጋ ነፃ» የሚል ሊብሬ አይቶ የሚያውቅ አለ?

የአዲስ አበባ ደላላ መኪና ሲያሳይ የሚላቸው ነገሮች ይታወቃሉ። «ሴት ናት የያዘቻት»፣ «ዶክተር ነበር የሚነዳት፣ ከቤት ሆስፒታል ከሆስፒታል ቤት»፣ «ቆማ የኖረች ናት»፣ «ጭረት ካገኘህባት በነፃ ውሰዳት»። ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ኮሮላ ሊገዛ ሲዞር አብሬው ስለነበርኩ አራቱንም በአንድ ከሰዓት ሰምቻቸዋለሁ። (ሴቶቹና ዶክተሮቹ ይህን ሁሉ መኪና መቼ እንደሚነዱት እንጃ።)

ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ «ዶክተሩ» የነዳትን ገዛ። ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ቦሎዋ የታደሰ፣ ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። በሁለተኛው ወር የፊት ቀኝ ጎማዋ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ክር አወጣ። አላይመንት አሠራ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ሦስተኛው ላይ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና እጁን እየጠረገ «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ከሁለት መኪና የተሠራች ናት» አለው። የፊቷ ክፍል ከሌላ ኮሮላ ተቆርጦ የመጣ ነው። ብየዳው በስቱኮ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። መሪው ላይ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ አለ እንጂ ኤርባግ የለም። የኤርባጉ መብራት ግን ልክ እንደ ጤነኛ መኪና ቁልፍ ሲዞር በርቶ ይጠፋል። ገመዱን ከሌላ መብራት ጋር አገናኝተውታል። ለማታለል የተደከመው ድካም ለመጠገን ቢደከም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ጓደኛዬ ሁለት ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚህች መኪና ነው።

እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ደላላ ይዋሻል፣ ሥራው ነው። ባትላሜራ ቤቱም የታዘዘውን ሠራ። እኔን የሚያበግነኝ ወረቀቱ ነው። ቤታችሁ ሊብሬ ካለ አውጡና ተመልከቱት። የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ፣ የተሠራበት ዘመን አለ፣ ቀለም አለ፣ የሚጭነው ሰው ብዛት አለ። መኪናዋ ተገልብጣ ታውቃለች ወይ? ኢንሹራንስ «ከዚህ በኋላ አትጠገንም» ብሎ ሙሉ ዋጋዋን ከፍሎባት ያውቃል ወይ? ለዚህ የተተወ መስመር የለም። ቀለሟን ከነጭ ወደ ብር ብትቀይሩ መንግሥት ማወቅ ይፈልጋል። ግማሽ አካሏን ብትቀይሩ ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

«ዓመታዊ ምርመራ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል ሕግም አለ። (በነገራችን ላይ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ባትላሜራ፣ ስቱኮ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው። ቃሉን ከነሙሉ ክብሩ ወረስን፣ ቁጥጥሩን ግን በግማሽ ወሰድን።) ነገር ግን ዓመታዊው ምርመራ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ፍሬኑ ይይዛል ወይ፣ መብራቱ ይበራል ወይ፣ ጭሱ ስንት ነው የሚል። መኪናዋ ዛሬ መሄድና መቆም መቻሏን ያያል። ስትጋጭ ምን እንደምትሆን አያይም። የመኪና የፊት አካል ሲሠራ በግጭት ጊዜ በቅደም ተከተል እንዲተጣጠፍና ጉልበቱን እንዲውጥ ተብሎ ነው የሚሠራው። እዚያ ላይ ተቆርጦ በመንገድ ዳር ብየዳ የተቀጠለ ብረት ወይ ቀድሞ ይበጠሳል ወይ ጭራሽ አልታጠፍም ብሎ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ነጂው ያሳልፋል። ይህን የፍሬን መመርመሪያ ማሽን አይነግራችሁም። በስቱኮ ከተሸፈነ በኋላማ ባለሙያውም በዓይኑ አያየውም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የተጨፈላለቀ መኪና ከየት ነው የሚመጣው? ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ ታውቁታላችሁ። የመድን ድርጅቶች ካሳ ከፍለው የተረከቧቸውን በአደጋ የተጎዱ ተሽከርካሪዎች በጨረታ ይሸጣሉ። ማስታወቂያው ግልጽ ነው፣ ሥራውም ሕጋዊ ነው። ገዢው ይጭነዋል፣ ከሶማሌ ተራ ኮፈን፣ ፓራውልትና መብራት ይገዛል፣ ባትላሜራ ቤት ያስገባል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናዋ «ዶክተር የነዳት» ሆና ትወጣለች። ጨረታው ላይ «በአደጋ የተጎዳ» የሚለው ቃል በትልቁ ተጽፎ ነበር። ሊብሬው ጋ ሲደርስ ቃሉ የት ገባ?

ዱሮ መኪና ስትጨፈለቅ ብረቷ ይመዘን ነበር። አሁን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፣ ያንን ሌላ ቀን እንከራከር። ሦስቱ ተደምረው ያመጡት ነገር ግን አንድ ነው፤ እዚህ አገር ውስጥ ያለ ማንኛውም የነዳጅ መኪና፣ የተቃጠለም ቢሆን፣ ቀረጥ የተከፈለበት ሊብሬ ስላለው ብቻ ዋጋ አለው። ሬሳን ማስነሳት እንዲህ አትራፊ ሆኖ አያውቅም። አንዳንዱማ ብረቱን ጭራሽ አይፈልገውም። የተሰረቀ ወይም በድብቅ የገባ መኪና ላይ የሟቿን የሻንሲ ቁጥር ለመትከል ወረቀቷን ይፈልጋል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፣ የትም አገር የታወቀ የሌባ ዘዴ ነው። የእኛ ፈጠራ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው።

ሌላው ዓለም ችግሩን ጨርሶ ባይፈታውም ቢያንስ ስም አውጥቶለታል። ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ «ሪቢልት ታይትል» ያላት ካምሪ ነው የሚነዳው። መድን ድርጅት የከፈለባት መኪና በመጀመሪያ «ሳልቬጅ» የሚል ወረቀት ታገኛለች፣ በዚያ ወረቀት መንገድ ላይ አትወጣም። ተጠግና፣ ተመርምራ ስታልፍ «ሪቢልት» ትባላለች፣ ስሙም እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ አብሯት ይኖራል። የአክስቴ ልጅ ይህን አውቆ፣ ተደራድሮ፣ በርካሽ ገዛት። ከጓደኛዬ ጋር ያላቸው ልዩነት ይኸው ነው፤ ሁለቱም የተጠገነች መኪና ነው የሚነዱት፣ አንደኛው ግን ተነግሮታል። እንግሊዞች ደግሞ ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአራት ፊደል ይመድቧቸዋል። አንዱ እንዳለ የሚጨፈለቅ፣ አንዱ መለዋወጫው ተነቅሎ አካሉ የሚጨፈለቅ፣ አንዱ አጥንቱ የተጎዳ፣ አንዱ አጥንቱ ያልተነካ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው ወደ መንገድ መመለስ የሚችሉት።

እዚያም ሌባ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ2005ቱ የካትሪና ጎርፍ በኋላ ውሃ የዋጣቸው መኪኖች ወደ ሌላ ግዛት ተወስደው ንጹሕ ወረቀት ይዘው ተሸጠዋል። ከ2009 ወዲህ ግን ማንም ገዢ ጥቂት ዶላር ከፍሎ በሻንሲ ቁጥር የሚያይበት አገር አቀፍ መዝገብ አለ፣ መድን ድርጅቶችም ሙሉ ካሳ የከፈሉባቸውን መኪኖች እዚያ ላይ የማስመዝገብ ግዴታ አለባቸው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልቀበል። አንደኛው ከአንድ ጋራዥ ካለው ወዳጄ የመጣ ነው፤ «አንተ ደግሞ ድሃው መኪና እንዳይገዛ ልታደርግ ነው። የተጠገነች መኪና ባትኖር ማን ይገዛል?» ይላል። እኔ አይጠገን አላልኩም። እጃቸው የተባረከ ባትላሜራ ሠሪዎች አሉን፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይጠገን፣ ይጻፍበት። ሲጻፍበት ዋጋው ይወርዳል፣ ድሃው የሚጠቀመውም ያኔ ነው። ዛሬ ድሃው የሚገዛው የተሰበረውን በጤነኛ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «አንድ ፊርማ በጨመርክ ቁጥር አንድ ጉቦ ጨመርክ» የሚለው። እውነት ነው። መኪናዬን አቅርቤ ቦሎ ላሳድስ ስሰለፍ «መኪናህ ሳይመጣ ይጨረስልህ?» ያለኝ ሰው ስላለ አልስቅበትም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው እርምጃ የማንንም ፊርማ የማይፈልገው ቢሆን የምለው። መድን ድርጅቱ ካሳውን ሲከፍል ፋይል ከፍቷል፤ የሻንሲ ቁጥሩም የጨረታው አሸናፊም እዚያ ተጽፏል። ያንን ቁጥር ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይላክ፣ ማንም ገዢ በስልኩ አስገብቶ እንዲያይ ክፍት ይደረግ። መድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ በአንድ መመሪያ ሊያዘው የሚችል ነገር ነው። ሙሉ መድን የሌላቸው፣ ሦስተኛ ወገን ብቻ የገቡ ብዙ መኪኖች ከዚህ መዝገብ ያመልጣሉ፣ አልዋሽም። ለእነሱ የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ አለ፣ እሱን ማገናኘት ጊዜ ይወስዳል። ግማሹን ማወቅ ግን ምንም ካለማወቅ ይሻላል።

ምርመራው ቀጥሎ ይምጣ፣ ጊዜውም ከስቱኮ በፊት ይሁን። ብየዳው ገና ሳይሸፈን መኪናዋ ትነሳ፣ የሻንሲው ማዕዘን ለማዕዘን ርቀት ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ተቆርጦ የመጣው ክፍል ከየትኛው መኪና እንደመጣ ደረሰኝ ይቅረብ፣ ኤርባጉ መኖሩ ይታይ። ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚደረግ ምርመራ የሙሽራ ልብስ ከለበሰች በኋላ እንደሚደረግ የጤና ምርመራ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል የምትሉ ደግሞ ቆይ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው ያለው። ከሥር የተመታ ባትሪ ላይ ላዩን ምንም ሳይመስል ቆይቶ፣ ከቀናት በኋላም ቢሆን እሳት ሊያነሳ ይችላል። የእነዚህ መኪኖች ሬሳም ጨረታ ላይ መቅረቡ አይቀርም። ያኔስ ሊብሬው ዝም ሊል ነው?

ጓደኛዬ ሻጩን ለመክሰስ አስቦ ነበር። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ሻጩ ግን እሱም ከሌላ ሰው እንደገዛት፣ ሊብሬዋ ንጹሕ እንደነበር፣ ምንም እንደማያውቅ ተናገረ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እንዴት ይወቅ?

አሁን መኪናዋን ሊሸጣት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን «የሚገዛኝን ሰው ልንገረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከነገረው ብዙ መቶ ሺህ ብር ያጣል፣ ያ ብር ደግሞ የባንክ ብድር ነው። ካልነገረው የሚጠይቀው የለም፣ ወረቀቷ ዛሬም ንጹሕ ነው። ንገረው አልኩት፣ ብድሩን የምከፍለው ግን እኔ አይደለሁም። መልስ ሳይሰጠኝ ስልኩ ጮኸ። ደላላው ነው፣ ሥራውን ጠየቀው። አካውንታንት ነኝ አለው።

«ዶክተር እንላለን» አለ ደላላው።